ዋጋው በማን ገንዘብ ይነገር? የቀይ ባሕር ንግድና የምንዛሪ ሸክም ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ተራ የሚመስል ጥያቄ ነው። ሻጭና ገዢ በተለያየ አገር ሲኖሩና የሚገለገሉበትም ገንዘብ የተለያየ ሲሆን፣ የዕቃው ዋጋ በማን ገንዘብ ይነገር? ይህን ጥያቄ ዛሬ በየዕለቱ የሚጋፈጡት በበይነ መረብ የሚነግዱ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የተቆላ ቡና ወይም የሀገር ባህል ልብስ የሚሸጥ ሰው ከዋሽንግተን፣ ከለንደንና ከዱባይ ትእዛዝ ሲመጣለት ዋጋውን በብር ይጻፍ ወይስ በዶላር? ደንበኛው ካዘዘበት ቀን አንሥቶ ገንዘቡ በሻጩ ሒሳብ እስኪገባ ድረስ ተመኑ ቢለወጥ ልዩነቱን ማን ይሸከመዋል? ዕቃው ቢመለስስ ገንዘቡ የሚመለሰው በየትኛው ቀን ምንዛሪ ነው?

ጥያቄው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በቀይ ባሕር ዳርቻና በኢትዮጵያ ደጋ መካከል ለ2000 ዓመታት ያህል ሲጠየቅና በልዩ ልዩ መንገድ ሲመለስ የኖረ ጥያቄ ነው። ከዚያ ረጅም ታሪክ ሁለት ነገሮችን ለማሳየት እሞክራለሁ። አንደኛው፣ ዋጋ የሚነገርበትን ገንዘብ የሚወስነው የገዢው አገር ኃያልነት ወይም የንጉሥ ዐዋጅ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ይልቁንም ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ምን ሊገዛበት እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ በሁለት ገንዘቦች መካከል ያለው ልዩነት ከቶ የማይጠፋ መሆኑ ነው፤ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ። ብዙ ጊዜም የሚያርፈው ከወደቡ በራቀውና ስለ ተመኑ ወሬ ዘግይቶ በሚደርሰው ሰው ላይ ነው።

ለነገሩ ጥራት ሲባል የገንዘብን ሦስት ሥራዎች ለይተን እንያዝ። መቁጠሪያ የምንለው ዋጋ የሚነገርበትና ዕዳ የሚጻፍበት ነው። መክፈያ የምንለው ገዢው ከእጁ አውጥቶ የሚሰጠው ነው። ማወራረጃ የምንለው ደግሞ ሻጩ በተራው ላቅራቢዎቹና ላበዳሪዎቹ የሚከፍልበት ነው። ሦስቱ አንድ ሲሆኑ የምንዛሪ ችግር የለም። ሲለያዩ ግን መንዛሪ ያስፈልጋል፤ መንዛሪም ያለ ዋጋ አይሠራም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አዱሊስ፦ ለእንግዶች የተለየ ገንዘብ

የመጀመሪያው ማስረጃችን «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕሉስ» የተባለው፣ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የነጋዴ መመሪያ ነው። ጸሐፊው ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ሸቀጦች ሲዘረዝር፣ እየተቆረጠ በገንዘብ ምትክ የሚያገለግል ናስ ይጠቅሳል። ቀጥሎም በወደቡ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት የሮማ ዲናር እንደሚገባ ይናገራል። ቃሉ አጭር ነው፤ ትርጉሙ ግን ሰፊ ነው። በአንድ ወደብ ሁለት የመክፈያ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ነበሩ፤ አንዱ ለአገሬው፣ ሌላው ለእንግዳው።

የአክሱም ነገሥታት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም የራሳቸውን ገንዘብ ማተም ሲጀምሩ ይህንኑ ልዩነት በብረቱ ላይ ቀረጹት። የወርቁ ገንዘብ ጽሑፍ፣ ከጥቂት በስተቀር፣ እስከ መጨረሻው በግሪክ ቋንቋ ቀረ፤ በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ግዕዝ እየገነነ ሄደ። ወርቁ የሚነበበው በባሕር ማዶ ነበርና ባሕሩ በሚያውቀው ቋንቋ ተጻፈ። የአክሱም የወርቅ ገንዘብ በደቡብ ዓረብና በሕንድ መገኘቱም ይህንን ያረጋግጣል። ንጉሡ ለውጭ ደንበኛ የሚያሳየውና ለአገሩ ገበያ የሚያሳየው ገጽ የተለያየ ነበር ማለት ነው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ገንዘብ መታተም ሲያቆም፣ ደጋው ከ1000 ዓመት በላይ የራሱ ማኅተም ያለበት የብረት ገንዘብ ሳይኖረው ቀረ። ሐረር ብቻ በአሚሮቿ ዘመን መሐለቅ የተባለውን የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር።

አሞሌ፦ በርቀት የሚለካ ምንዛሪ

በደጋው ክፍተቱን የሞላው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣ ሸቀጥ ነበር፤ ወደ ደጋው በገባ ቁጥር ግን ገንዘብነቱ እየበረታ ይሄዳል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን በቁጥር አስቀምጦልናል። ጨው በሚቆረጥበት አካባቢ ለአንድ ድራም ወርቅ ከ120 እስከ 130 አሞሌ ይሰጥ ነበር። ከገበያ ወደ ገበያ ሲጓዝ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄድና ከንጉሡ ሰፈር ሲደርስ 6 ወይም 7 ይሆናል፤ በክረምት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ይህ ወደ 20 እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት እንዲያው የጭነት ኪራይ ብቻ አይደለም። የኬላ ቀረጥ፣ የመንገድ ሽፍታ፣ በዝናብ የሚሟሟ ጨው፣ የበቅሎ ሞት፣ ሁሉም በውስጡ አሉ። ስለዚህ የአሞሌ ምንዛሪ በአንድ ቁጥር የሚገለጽ አልነበረም፤ ቦታና ወቅት የሚጠራ ቁጥር ነበር። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት የገንዘብን ባሕርይ ከብዙ መማሪያ መጻሕፍት ይልቅ አሳጥሮ ይናገራል። ገንዘብ ዋጋ የሚኖረው ቀጣዩ ሰው እስከተቀበለው ድረስ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ከሩቅ አገር ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ በደጋው ገበያ በአሞሌ ሸጦ መመለስ አይችልም፤ ምክንያቱም ወደ ባሕሩ በቀረበ መጠን በእጁ ያለው ገንዘብ እየረከሰ ይሄዳል። መቁጠሪያውና ማወራረጃው ተፋተዋልና ገንዘቡን ወደ ወርቅ፣ ወደ ዝባድ፣ ወደ ዝሆን ጥርስ ወይም ወደ ሌላ በወደብ የሚፈለግ ሸቀጥ መለወጥ ነበረበት። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ይህን ችግር ያቃለለው ከሩቅ የመጣ አንድ የብር ገንዘብ ነው።

የሞተች እቴጌ ገንዘብ

የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ በኅዳር 1780 አረፈች። በስሟ የሚታተመው ታለር ግን ከሞቷ በኋላ ያለ ማቋረጥ ታተመ፤ ዓመቱም 1780 ተብሎ እንዳለ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ግድም ሲሆን ከ1000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በጠርዙ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍና ጌጥ ስላለ ማንም ከዳሩ ቆርጦ ብር መስረቅ አይችልም። ከትሪየስት፣ ከማርሴይና ከእስክንድርያ እየተነሣ በጂዳ፣ በሞካና በምጽዋ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ገበያ ሁሉ ተሠራጨ። በእኛም አገር ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር ተባለ።

አገሩ ያላወጀው፣ ንጉሡ ያላተመው፣ ጽሑፉንም ከሚይዙት ሰዎች ጥቂቱ እንኳ የማያነበው ገንዘብ ለምን እንዲህ ተወደደ? ምክንያቱ በወደቡ ያለው ነጋዴ ስለተቀበለው ነው። ምጽዋ ላይ ያለው ሕንዳዊ ነጋዴ በጠገራ ጨርቅ ይሸጣል፤ የመን ላይ ያለው ቡና ሻጭ በጠገራ ይሸጣል። ስለዚህ ጎንደር ላይ ያለው ነጋዴ ጠገራን ሲቀበል መቁጠሪያው፣ መክፈያውና ማወራረጃው አንድ ሆነለት። ቀጣዩ ሰው እንደሚቀበለው እርግጠኛ ለመሆንም እያንዳንዱን ብር ይመረምራል፤ በእቴጌይቱ መጠምጠሚያና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራል፤ ያረጀውንና የተላጨውን ይመልሳል። ይህን ጥብቅ ምርመራ በርካታ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጓዦች በምሬት ጽፈውታል። ነጋዴው ግን ያላዋቂነት ሥራ አልሠራም፤ ያደረገው የክፍያ ማረጋገጫ ነበር።

የዚህ ገንዘብ ኃይል በግልጽ የታየው በ1867 እና በ1868 ነው። ጄኔራል ናፒየር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር ይዞ ሲወርድ፣ አገሩ በዘመኑ የዓለም ባለጸጋ፣ ገንዘቡም በዓለም የታመነ ነበር። ሆኖም ገብስ፣ ሣር፣ በሬና የጭነት ከብት የሚሸጠው የትግራይ ገበሬ የእንግሊዝን ወርቅ ከተቀበለ በኋላ ሊያደርግበት የሚችለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጦሩ ከቪየና ማተሚያና ከሜዲትራንያን ገበያዎች ጠገራ ማሰባሰብ ግድ ሆነበት፤ ለዘመቻውም ከ4 ሚሊዮን በላይ ጠገራ ወጣ። ገዢው ኃያል ነበር፤ ዋጋው ግን በሻጩ ገንዘብ ተነገረ፤ የመመንዘሩንም ወጪ ገዢው ቻለ። ይህ በታሪካችን ከተለመደው ውጭ ነው፤ የተለመደው ተቃራኒው ነው።

የአንድ ትእዛዝ ጉዞ

የተለመደውን ለማየት አንድ የውጭ ትእዛዝ ከመነሻው እስከ መወራረጃው እንከተል። በ1885 ፒየር ላባቱ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴና ኋላ በቅኔው ስሙ የገነነው አርተር ራምቦ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ተስማሙ። ጠመንጃው የተገዛው በአውሮፓ ገንዘብ ነው። ሽያጩ በጠገራ ነው። ላባቱ በመካከሉ ሞተ። ራምቦ ወደ 2000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ በጥቅምት 1886 ከታጁራ ተነሣ፤ አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ነው። በታሰበበትና በተረከበበት መካከል ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ።

ርክክቡ እንጦጦ ላይ ሲሆን ዋጋው ዝቅ ተደረገ፤ የሟቹ ላባቱ ዕዳዎችም ከሒሳቡ ላይ ተቀነሱ። የቀረውም በእጅ አልተከፈለም። ንጉሡ የሰጡት በሐረር ገዢ በደጃዝማች፣ ኋላ ራስ፣ መኰንን ላይ የተጻፈ የክፍያ ማዘዣ ነው። ሐረር ላይ ደግሞ በቂ ጥሬ ብር አልነበረም። ራምቦ በነሐሴ 1887 ምጽዋ ሲደርስ የያዘው ሁለት የሐዋላ ወረቀት ነበር፤ አንደኛው የ5000፣ ሁለተኛው የ2500 ጠገራ፤ ሁለቱም በምጽዋ ነጋዴዎች ላይ የተጻፉ፣ አንዱም በሕንዳዊ ነጋዴ ላይ። በዚያው ወር ከካይሮ ለቤተ ሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ከ16,000 ፍራንክ በላይ ወርቅ በመቀነቱ ታጥቆ እንደሚዞር፣ ክብደቱም እንደሚያሰቃየው ይነግራቸዋል።

ይህን ጉዞ በዛሬው ቋንቋ ብንተረጉመው ዋጋው እንጦጦ ላይ በጠገራ ተነገረ፤ ሐረር ላይ በወረቀት ተተካ፤ ምጽዋ ላይ በነጋዴ ብድር ተከፈለ፤ ካይሮ ላይ በፍራንክ ወርቅ ተወራረደ። በየጣቢያው አንድ መንዛሪ፣ በየጣቢያው አንድ መዘግየት አለ። ምኒልክ በዚህ ሥርዓት ያተረፉት ነገር ቀላል አልነበረም። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል፤ ብሩን ከሸዋ እስከ ባሕር የማጓጓዙ ድካምና አደጋ በሻጩ ላይ ወደቀ። ገዢው ንጉሥ ስለሆነ የመክፈያውን ቦታም፣ ቀንም፣ ዓይነትም መወሰን ቻለ። የምንዛሪን ሸክም የሚያከፋፍለው ተመኑ ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ማን መጠበቅ ይችላል የሚለውም ነው።

ብር ሲረክስ

እስከ 1870ዎቹ ድረስ የብርና የወርቅ ምጣኔ በአመዛኙ የተረጋጋ ስለነበር ጠገራ ከፓውንድና ከፍራንክ ጋር ያለው ዝምድና ብዙ አይናወጥም ነበር። ጀርመን በ1873 ወደ ወርቅ መለኪያ ከተሻገረችና ሌሎችም ከተከተሏት በኋላ ግን ብር በዓለም ገበያ ይረክስ ጀመር። ለንደን ላይ የአንድ አውንስ ብር ዋጋ በ1870ዎቹ መጀመሪያ 60 ፔንስ ግድም ነበር፤ በ1900 ወደ 28 ፔንስ ወረደ። በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር ሲሰላ ከ49 ፔንስ ገደማ ወደ 23 ፔንስ ገደማ ወረደ ማለት ነው። የጠገራው መልክ፣ ክብደትና ዓመተ ምሕረት አንድ ሆኖ ሳለ ከባሕር ማዶ የሚገዛው ዕቃ ከግማሽ በታች ሆነ።

ይህን የዋጋ ለውጥ ማን ቀድሞ አወቀ? በኤደንና በጅቡቲ ያለው የንግድ ቤት በቴሌግራፍ ያውቃል። የሐረር ወኪሉ በቀናት ውስጥ ይሰማል። ከከፋ ወይም ከጅማ ቡና ይዞ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ግን የሚያየው ያችኑ የእቴጌይቱን ምስል ነው። ቡናው ባሕር ማዶ በወርቅ በሚቆጠር ገንዘብ ይሸጣል፤ እርሱ የሚቀበለው ጠገራ ነው፤ አቡጄዲ ሲገዛ ግን የጨርቁ ዋጋ ከወርቅ ጋር አብሮ ወጥቶ ይጠብቀዋል። በቡናው መሸጫና በጨርቁ መግዣ መካከል ያለችው የመረጃ ክፍተት ወደቡ ላይ ላለው ነጋዴ ትርፍ ናት።

ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አልነበረም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በየካቲት 1920፣ ብር ለንደን ላይ 89 ፔንስ ተኩል ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ግን ከዚህ ግማሽ በታች ወረደ። ጠገራ በተወደደበት ወር በውጭ ገንዘብ ዕቃ ያዘዘ አስመጪ፣ ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ ዕዳውን ሲከፍል ካሰበው እጥፍ የሚጠጋ ጠገራ ይጠየቃል። በትእዛዝና በክፍያ መካከል ያለው ጊዜ የንግዱ ሁሉ ወሳኝ ቁጥር ሆነ።

ዐዋጅና ገበያ

መንግሥታት ይህን ሁኔታ ለመቆጣጠር ሞክረዋል። ጣልያን በኤርትራ በ1890 የንጉሥ ኡምቤርቶ ምስል ያለበትን ታለሮ አወጣች፤ በ1918 ደግሞ ማርትሬዛን የሚመስል ሌላ ታለሮ አተመች። ሁለቱም ጠገራን ማፈናቀል አልቻሉም። ዐፄ ምኒልክ በ1893 ባወጁት መሠረት በ1894 ፓሪስ ላይ ያሳተሙት ብር በክብደቱ ከጠገራ ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ነበር፤ አላድ፣ ሩብና ተሙን የተባሉ ክፍልፋዮችም ነበሩት። የክፍልፋዮቹ መምጣት ትልቅ ነገር ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የጠገራ ዝርዝር ከአሞሌና ከጥይት በቀር ብዙ አማራጭ አልነበረውምና። ይሁንና ዋናው ብር ማርትሬዛን አላስወጣም። ሉዓላዊነት በሳንቲም ላይ ሊቀረጽ ይችላል፤ የባሕር ማዶ ነጋዴ አመኔታ ግን በዐዋጅ አይታተምም።

በ1905 ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የተመሠረተውና በ1906 ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ችግሩን በሌላ በኩል ያዘው። የተፈቀደለት ካፒታል 500,000 ፓውንድ ተብሎ ተነገረ፤ በአዲስ አበባው ጠረጴዛ ላይ የሚቆጠረው ግን ጠገራ ነበር። ባንኩ በሕልውናው ራሱ የሁለት ገንዘብ ድልድይ ነበር። በሐዋላው ምክንያት ነጋዴው ብር በበቅሎ ከመጫን ዳነ፤ የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የመዘግየቱ ዘመን አጠረ። ነገር ግን ተመኑን የሚናገረው አንድ ተቋም ሲሆን፣ የተመኑም ትርፍ የዚያ ተቋም ይሆናል። ባንኩ የውጭ ባለሀብቶች መሆኑ ያስነሣው ቅሬታ በ1931 በኢትዮጵያ ባንክ እንዲተካ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ኋላም የተፈጸመው ነገር ለታሪክ ተማሪ እንደ ምጸት የሚነበብ ነው። ሙሶሊኒ ለወረራው ዝግጅት በ1935 የማርያ ቴሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ አስወስዶ ሮም ላይ ማተም ጀመረ። በ1936 ሊሬን ሕጋዊ ገንዘብ ቢያደርግም ገበሬው ጠገራውን ቀበረ እንጂ ይዞ አልመጣም። እንግሊዝም ከ1936 ጀምራ ለንደን ላይ፣ ኋላ ደግሞ ቦምቤይ ላይ ያችኑ ገንዘብ አተመች፤ በ1941 ጣልያንን ለማስወጣት የተደረገው ዘመቻም በዚሁ ጠገራ ተከፈለ። ኃያላን መንግሥታት በጦርነት ሲፋለሙ፣ ሁለቱም የገበሬውን አመኔታ ለመግዛት 160 ዓመት ያለፋትን የሞተች እቴጌ ምስል ተጠቀሙ።

ሸክሙ ወደ መንግሥት ሲዛወር

በሐምሌ 1945 የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወርቅ ተተምኖ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.48 ብር ገደማ ይመነዘር ጀመር። ጠገራም ከሕጋዊ ገንዘብነት ወጣ። ከዚህ በኋላ ዋናው የምንዛሪ ታሪክ በገበያ ሳይሆን በመንግሥት ውሳኔ የሚጻፍ ሆነ። ተመኑ በ1964 2.50፣ በ1971 ማብቂያ 2.30፣ በ1973 ደግሞ 2.07 ሆነ።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ትንሽ እንቆይ። የ1971 እና የ1973ቱ ለውጥ የመጣው ዶላር ስለወደቀ ነው፤ ብር ባለበት ጸና። ይህ ለአገር ክብር መልካም ይመስላል። ቡና ላኪው ግን ውሉን የሚዋዋለው በአሜሪካ ሳንቲም ነው። የቡናው ዋጋ በዶላር ባይለወጥ ኖሮ፣ ከእያንዳንዱ ዶላር የሚያገኘው ብር ከ2.50 ወደ 2.07 ወርዶ 17 በመቶ ያህል ይቀንስ ነበር። የሩቅ አገር ገንዘብ መርከሱን የይርጋ ጨፌ ገበሬ ከፈለው ለማለት የሚያስችል ስሌት ነው። ከዚያ 2.07 የሚለው ቁጥር እስከ ጥቅምት 1992 ሳይነቃነቅ ቆየ፤ በዚያን ጊዜ በአንድ ቀን 5 ብር ሆነ። ለ20 ዓመት የተያዘ ተመን ልዩነቱን አላጠፋውም፤ ወደ ጥቁር ገበያ፣ ወደ ኮንትሮባንድና ወደ ውጭ ምንዛሪ ወረፋ አዛወረው።

በሐምሌ 2024 ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ሲለቅቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ዋጋውን በብር ጽፎ ከውጭ ትእዛዝ የተቀበለና ማሸጊያውን በዶላር የሚያስመጣ ሻጭ፣ በ1920 ጅቡቲ ላይ የቆመውን አስመጪ ችግር ያለ ታሪክ መምህር ተማረው።

ዛሬን በዚህ ብርሃን ማየት

ወደ በይነ መረብ ሱቅ እንመለስ። ዛሬ አንድ ደንበኛ ዕቃ ሲያዝ ዋጋውን በራሱ ገንዘብ ያያል፤ ካርዱ በራሱ ገንዘብ ይቀነሳል፤ ሻጩ በሌላ ገንዘብ ይቀበላል። ነጠብጣብ የሚቆጥር መንዛሪ በዐይን አይታይም። ግን አለ፤ በክፍያ አስተላላፊው ተመን ውስጥ ተሸሽጓል። ሦስቱም ቀኖች እንዳሉ ናቸው፦ ዋጋው የታየበት፣ ክፍያው የተፈጸመበት፣ ሒሳቡ የተወራረደበት። ዕቃው ከተመለሰ አራተኛ ቀን ይጨመራል። ሻጩ በእነዚህ ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድሞ በዋጋው ካላካተተው ወይም ማን እንደሚሸከመው በውል ካልጻፈው፣ ሸክሙ የእርሱ ነው።

ከታሪኩ አንድ የሚሠራ መመሪያ ማውጣት ይቻላል። ደንበኛው በሚያውቀው ገንዘብ ዋጋ መናገር መልካም ነው፤ የአዱሊስ ነጋዴዎችም አድርገውታል። ሒሳብን መያዝ ግን ለአቅራቢዎች በሚከፈልበት ገንዘብ ነው። ሁለቱን ያምታታ ነጋዴ ትርፉን በወረቀት እያየ ካፒታሉን ሲበላ ይኖራል። ዕዳና ገቢ በአንድ ገንዘብ የሆኑለት ነጋዴ በተመን መናወጥ ያን ያህል አይጎዳም፤ ጠገራ ለምጽዋና ለጎንደር ነጋዴ የሰጠው ጥቅም ይኸው ነበር።

ከመመሪያው በላይ ግን የፍትሕ ጥያቄ አለ። ቡናችን እርሻው ላይ በብርና በኪሎ ይሸጣል፤ በምርት ገበያው በብርና በፈረሱላ ይነገራል፤ ላኪው በአሜሪካ ሳንቲምና በፓውንድ ሚዛን ይዋዋላል። በሦስቱ መቁጠሪያዎች መካከል የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰው ከበታቹ ያለው የማያውቀውን አንድ ቁጥር ያውቃል። አልቫሬዝ የጻፈው የአሞሌ መሰላል አልፈረሰም፤ የቆመበት ቦታ ተለወጠ እንጂ። ቀጥታ ለውጭ ደንበኛ መሸጥ የሚችል የገበሬ ማኅበር መሰላሉን ያሳጥራል፤ ይህንን ማድረግ የሚችለው ግን ተመኑን በሰዓቱ ሲያውቅና ገንዘቡን በመጣበት ዓይነት ለማቆየት ሲፈቀድለት ነው።

በመጨረሻ ለጥናታችሁ ስለሚጠቅም አንድ ነገር ለተማሪዎች ላሳስብ። በቤተ መዛግብት ውስጥ «ይህን ያህል ብር» የሚል ዋጋ ስታገኙ ወደ ዛሬ ገንዘብ ለመለወጥ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ በምን ተቆጠረ፣ በምን ተከፈለ፣ በየትኛው ቦታና ወቅት ተመነዘረ ብላችሁ ጠይቁ። ጠገራው በ1868፣ በ1900 እና በ1920 አንድ ገንዘብ አልነበረም፤ አሞሌውም ጨው በሚቆረጥበትና በንጉሡ ሰፈር አንድ አልነበረም። እነዚህን ጥያቄዎች የዘለለ የዋጋ ታሪክ፣ ሰነዱ ውስጥ ስሙ ያልተጻፈውን ባለ ኪሳራ ሰው ሳያየው ያልፋል። የእኛ ሥራ ደግሞ በዋነኛነት እርሱን መፈለግ ነው።